ለፋሲካ 40 ካርቶን መጣልን፤ የሚወስደው ጠፋ

ሚሪ_ረሆቮት (ሰኞ ጠዋት)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

እዚህ እስራኤል፣ በሰፈራችን የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት የእርዳታ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ኮሚቴ ስላችሁ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። እኔ፣ ጡረታ የወጣች አንዲት ነርስ፣ ደግሞ ቅርብ ጊዜ ከሠራዊት የወጣ አንድ ልጅ። በቃ። ዘንድሮ ለፋሲካ ከሌላ ከተማ አንድ ምኩራብ 40 ካርቶን ላከልን። ማጻ (የፋሲካ ቂጣ)፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ድንች፣ የወይን ጠጅ፣ ቱና፣ ከዚያ በጠርሙስ የታሸገ ገፊልተ ፊሽ (የተፈጨ ዓሣ ድቡልቡል)። ሰዎቹ ራሳቸው በመኪና አምጥተው፣ ራሳቸው ተሸክመው አስገቡ። እግዜር ይስጣቸው፣ ክፉ አልናገርም።

ሻባት ጠዋት ከጸሎት በኋላ ቄሳችን «የቸገረው ካለ እሁድ ማታ መጥቶ ይውሰድ» አሉ። እሁድ ማታ ጠረጴዛ ዘርግተን ተቀመጥን። ስም የምንጽፍበት ወረቀትም አዘጋጀን። ስንት ሰው መጣ? አራት። ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ «ለጎረቤቴ ነው» ብለው ነው የወሰዱት።

ችግረኛ ጠፍቶ አይደለም። ከኔ በታች የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ባለፈው ሳምንት መድኃኒታቸውን ላስቀምጥላቸው ፍሪጃቸውን ከፈትኩት። የኢንሱሊን እሽግ፣ ግማሽ ሽንኩርት፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ። ሌላ የለም። «እማማ፣ ይምጡና ይውሰዱ እንጂ» ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ለቸገረው ስጪው ልጄ። እኔማ እግዜር ይመስገን።»

በዚህ ላይ ዛሬ ጠዋት ከለጋሾቹ አንዷ ደወለች። ሰዎቹ ካርቶኑን ሲቀበሉ የተነሳ ሁለት ሦስት ፎቶ ትፈልጋለች፣ ለአባሎቻቸው የሚላክ። ምን እንደምላት ጨነቀኝ።

አሁን 36 ካርቶን የሴቶች ክፍል ውስጥ ተደርድሯል። ፋሲካ ሊገባ 9 ቀን ቀረው። ምን ላድርግ?

ዳኒ_ነታንያ

ሚሪዬ፣ ጠረጴዛ ዘርግታችሁ ስም ጻፋችሁ? እዚያ ላይ ነው የተበላሸው። ሰው በመንደሩ ፊት ተሰልፎ «እኔ ደሃ ነኝ» ብሎ ይፈርም? የኛ ሰው? ሞቶ ይገኛል እንጂ።

እኛ ጋ እንዲህ ነው የምናደርገው። ዝርዝሩ አንዲት ሴት እጅ ብቻ ነው ያለው። እኔ ገባይ፣ የጸሎት ቤቱ ኃላፊ፣ ሆኜ እንኳን አላየውም። መኪና ያላቸው ልጆች ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ይመጣሉ። የሚሰጣቸው መንገድ፣ ቁጥር፣ ፎቅ ነው። ስም የለም። በር ላይ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው ይወርዳሉ። ደግሞ ካርቶኑን ተዉት። ላዩ ላይ የሰጪው ስም የተጻፈበት ካርቶን ይዞ ደረጃ የሚወጣን ሰው ሕንፃው በሙሉ ያየዋል። ወደ ተራ የሱቅ ፌስታል ገልብጡት።

ፎቶውን በሚመለከት፣ የካርቶኑን ፎቶ ላኪላቸው። ካርቶን አያፍርም።

ያሶ_ቤርሼባ

እኔ የካርቶን ልጅ ነኝ። 9 ዓመቴ ነበር። ለፋሲካ ትልልቅ ሰዎች መጥተው ለሰፈራችን ልጆች ቸኮላት ያለበት ከረጢት ሰጡን። «ሳቅ በል» አሉኝ፣ ሳቅኩ። ያ ፎቶ ስንት ዓመት እንደዞረ አልነግራችሁም። 8ኛ ክፍል ሆኜ አንድ የክፍሌ ልጅ በራሪ ወረቀት ይዞ መጣና «ይሄ አንተ አይደለህም?» አለኝ።

የሰጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ግን የኛ ድህነት የነሱ ሚጽቫ፣ የጽድቅ ሥራቸው፣ ነው። እኛ ባንኖር የት ሊሄዱ ነበር?

እና ሌላው። እናቴ 22 ዓመት ቢሮ አጸዳች። ቀጣሪዋ ኮንትራክተር ነበር። ቋሚ እንዳትሆንበት በየ9 ወሩ አሰናብቶ መልሶ ይቀጥራታል። ጸሎት ቤቱ በየበዓሉ ዘይትና ስኳር ሰጥቷታል። «የደመወዝ ወረቀትሽን አምጪ፣ እንየው» ያላት ግን አንድም ሰው የለም።

የቄስ_ልጅ

ያሶ ወንድሜ፣ ያልከው ነገር አዲስ አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ራምባም የሚባለው የአይሁድ የሕግ ሊቅ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፍሎ ጽፎታል። ከሁሉ በላይ ያደረገው ምን መሰላችሁ? ካርቶን አይደለም። የወደቀውን ሰው እጁን ይዞ ማቆም ነው። ማበደር፣ ሥራ መስጠት፣ አብሮ መነገድ፤ ሁለተኛ እጁን እንዳይዘረጋ። የእናትህ የደመወዝ ወረቀት እዚያ ነው የሚገባው።

ሁለተኛው ደረጃ ሰጪው ለማን እንደሰጠ ሳያውቅ፣ ተቀባዩም ከማን እንደተቀበለ ሳያውቅ ነው። በመቅደሱ ዘመን ለዚሁ የሚሆን ክፍል ነበር። ባለጸጋው በስውር ያስገባል፣ ከጨዋ ቤት የወጣ ደሃ በስውር ይወስዳል። መጨረሻው፣ ስምንተኛው፣ ፊቱን አጨማዶ የሚሰጥ ነው። ፎቶ የሚያነሳውን የት እንደሚያስቀምጠው እንጃ። ካሜራ በዘመኑ አልነበረም።

የሚሽናው፣ የጥንቱ የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ፣ ሕግ ደግሞ ለሚሪ ኮሚቴ የተጻፈ ይመስላል። የምጽዋቱን ሙዳይ ሁለት ሰው ይሰበስባል፣ ሦስት ሰው ያከፋፍላል። መሰብሰብ ቀላል ነው። ማከፋፈል ግን ፍርድ ነው፤ ለማን ስንት ይገባዋል ብሎ መወሰን ስለሆነ እንደ ዳኝነት ሦስት ሰው ይፈልጋል። እናንተም ሦስት ናችሁ።

በነገራችን ላይ ምጽዋት የምንለው ቃል የሚጽቫ ዘመድ ነው ይላሉ ቋንቋ የሚያጠኑ ሰዎች። ጽዳቃ፣ ምጽዋት በዕብራይስጥ የሚባልበት ቃል፣ ደግሞ ከኛው ጽድቅ ጋር አንድ ሥር አላቸው። አባቴ ዕብራይስጥ ሲማር ኡልፓን ውስጥ ደስ ያለው ይኼ ብቻ ነበር።

ሩት_አሽዶድ

ገፊልተ ፊሽ ግን? እውነት ለመናገር የኔ አያት ያንን ጠርሙስ ስታይ «ምን ታሞ ነው?» ነው ያለችው። ጣፋጭ ዓሣ ማን ይበላል? ሚሪ፣ ያንን አውጪና ምስርና ሽምብራ አስገቢበት። ሽሮም።

ዳኒ_ነታንያ

ሽሮ ለፋሲካ? ወፍጮው ስንዴ የፈጨ ከሆነስ? ከማጻ በቀር ስንዴ ለፋሲካ የተከለከለ ነው እኮ።

ሩት_አሽዶድ

አባቶቻችን ሽምብራ ሲበሉ ኖረዋል። ጥራጥሬ ለፋሲካ የማይበሉት አሽከናዞች፣ የአውሮፓ አይሁዶች፣ ናቸው።

ዳኒ_ነታንያ

ሽምብራውን ማን ከለከለ? ወፍጮውን ነው ያልኩት። አንቺ ለፋሲካ ብለሽ ለብቻው ታስፈጪያለሽ?

ሩት_አሽዶድ

እናቴ አገር ቤት እያለች ለፋሲካ የቆየውን ሸክላ ሰብራ በአዲስ ነበር የምትሠራው። ስለ ጥንቃቄ አንተ ልታስተምረን ነው?

የመድረኩ_አስተናጋጅ

ስለ ሽሮ ሌላ ክር ክፈቱ። አምናም በዚሁ ነው የተጣላነው።

አያ_ወገራ

ልጆቼ፣ ስታወሩ አነበብኩ። እኔ አሽቀሎን ነኝ። መጻፍ አይቀናኝም፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

የቄሱ ልጅ «ሰጪው አያውቅም፣ ተቀባዩ አያውቅም» ያልከው፣ እኔ አይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 ከወገራ ተነስተን ሌሊት ሌሊት በእግር ሄደን ሱዳን ገባን። ኡም ራኩባ የስደተኛ ካምፕ ነበርን። በሽታው ሰውን እንደ ቅጠል አረገፈው። በሱዳን መንገድና በካምፖቹ የሞተው ሰው 4,000 ገደማ ነው ይባላል፤ ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያቸው አለ። ከነዚያ ውስጥ ሁለት ወንድሞቼ አሉ።

እዚያ አይሁድ ነኝ ማለት አይቻልም። ታዲያ ከኛው ልጆች «ኮሚቴ» የሚባሉ ነበሩ። ከእስራኤል የሚመጣውን ገንዘብ በድብቅ ተቀብለው ለቤተሰቡ የሚያደርሱ፣ ሰውንም በሌሊት የሚያስወጡ። ቢያዙ እስር ነው፣ ግርፋት ነው። ማን ኮሚቴ እንደሆነ አይነገርም። አንድ ሌሊት እናቴ ተነስታ የምንተኛበትን ሰሌን ስትገልጥ የሱዳን ብር ተጠቅልሎ አገኘች። የሣሩን ግድግዳ ገልጠው ከውጭ ነው ያስገቡት። በዚያ ብር ለእህቴ ወተትና መድኃኒት ተገዛ። እህቴ ዛሬ የ6 ልጆች እናት ናት።

ማን እንዳስቀመጠው እናቴ እስክትሞት አላወቀችም። እኔ አንድ ሰው እጠረጥር ነበር። እዚህ ከመጣን በኋላ ልቅሶ ቤት አገኘሁትና «አንተ ነህ አይደል?» አልኩት። ሳቀ። «እኔ? እኔ ያኔ ለራሴም ያጎረስኩት አልነበረኝ» አለኝ። ሻይውን ጠጥቶ ወጣ።

ሚሪ_ረሆቮት

አያ ወገራ፣ እድሜ ይስጥልኝ። እያነበብኩ ቆሜ ቀረሁ።

አያ_ወገራ

አንድ ነገር ረስቻለሁ። ስለ መቀበል ብቻ አታውሩ። የሰው ፊት የሚጠቁረው መስጠት ሲከለከልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጋዜጣ ሲያወጣው ነው ያወቅነው፤ ከኢትዮጵያውያን የተወሰደውን ደም ባንኩ ዝም ብሎ ይጥለው ነበር። በሽታ ይኖርበታል ብለው። እኔ ሦስት ጊዜ ሰጥቼ ነበር። ልጄ በወታደር ልብሱ ሰጥቶ ነበር። «አመሰግናለሁ» ብለው ጭማቂ ሰጥተውን፣ ደሙን ጣሉት። ኢየሩሳሌም ሄደን ጮኽን። ዛሬም ሳስበው የሚያመኝ መድልዎው ብቻ አይደለም። ሰጠሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ የሄድኩበት መንገድ ነው የሚያመኝ።

የቄስ_ልጅ

አያ፣ ሕጉም እንደ እርስዎ ነው የሚለው። ከምጽዋት የሚኖር ደሃ እንኳን ራሱ ምጽዋት መስጠት አለበት። ድሮ ስማር ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። የሌለውን ሰው አምጣ ማለት። እርስዎ ያሉትን ሳነብ ነው አሁን የገባኝ።

ሩት_አሽዶድ

አሁን ከሽሮ ወጥቼ ቁም ነገር ላውራ። ሶሻል ወርከር ነኝ፣ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ካርቶኑ 5 ቀን ነው የሚቆየው። በሰፈራችን ሽማግሌዎች ቤት ትልቁ ችግር ደብዳቤ ነው።

ሐሙስ ማታ ጸሎት ቤታችን ውስጥ ለሁለት ሰዓት እንቀመጣለን። ስም አላወጣንለትም። ሰዉ ግን «ወረቀት ማታ» ይለዋል። አንዲት እናት መጡ። አንድ ፌስታል ሙሉ ያልተከፈተ ደብዳቤ አመጡ። ፌስታሉ በክር ታስሯል። «ልጆቼ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ አላስቸግራቸውም» አሉ። ጠረጴዛ ላይ ገለበጥነው። በሦስት ከፈልነው፤ የሚከፈል፣ የሚገባቸው፣ ማስታወቂያ። የሚበዛው ማስታወቂያ ነው፤ እሳቸው ግን ሁሉንም እኩል ፈርተውታል። ፒዛ ቤት የላከውን ወረቀት እንኳን አልጣሉትም።

ከመሃል አንድ ወጣ። በየሳምንቱ ቤታቸው መጥታ የምታግዛቸው ሴት ተፈቅዶላቸዋል። መፈረም ብቻ ነበር የቀረው። የተላከው ከ8 ወር በፊት ነው። 8 ወር ሙሉ ብቻቸውን ገላቸውን ሲታጠቡ፣ ሁለቴ ወድቀዋል።

የሚያነቡት ልጆች በሠራዊት ምትክ ብሔራዊ አገልግሎት የሚሰጡ ሴቶችና አንድ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። የደብዳቤው ዕብራይስጥ አይከብዳቸውም። የሚከብዳቸው የአያታቸው አማርኛ ነው። ከነሱ አንዷ ያንን ደብዳቤ አንብባ ቃል ስትፈልግ ቆየችና «እማማ፣ መንግሥት ሊሰጥዎት ነበር፣ እርስዎ ዝም አሉት» አለቻቸው። እማማ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ ኩሽና ገብቼ ውኃ ጠጣሁ።

ሚሪ፣ ወረቀት ማታ ማንም አያፍርም። ደብዳቤ ደሃም ሀብታምም ጋ ይመጣል። አንዴ ከተቀመጡ በኋላ ግን ፍሪጁ ባዶ መሆኑን ራሳቸው ይነግሩሻል።

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ

ይቅርታ፣ እኔ ቤተ እስራኤል አይደለሁም፤ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ። ግን ይኼ ክር ስለነካኝ ነው።

አይሁዶች ሩሲያ ውስጥ ሲገደሉና ሲሰደዱ እነሱን ለመርዳት እ.ኤ.አ. በ1881 ኒው ዮርክ የተቋቋመው ሃያስ የሚባለው ድርጅት ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የኛ ሰው የሞላበት ከተማ። አሁን የሚረዱት ስደተኛ አብዛኛው አይሁድ አይደለም። አክስቴና ልጆቿ ከኬንያ ሲመጡ አውሮፕላን ጣቢያ የተቀበላቸው ከአንድ ምኩራብ የመጣ ቡድን ነበር። 7 ሰዎች ነበሩ። ቤት ተከራይተው፣ አልጋ አንጥፈው፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አስመዝግበው ጠበቋቸው። አንድ ሽማግሌ ጠበቃ በየማክሰኞው መኪና መንዳት አስተማራቸው።

ምግቡን ብነግራችሁ። እንጀራ እንደምንበላ ሰምተው ከኢትዮጵያ ሱቅ 20 እንጀራ ገዝተው ፍሪዘር ውስጥ ከተውት። እንደ ሰሌዳ ደርቆ! አክስቴ አውጥታ አየችውና ፍሪዘሩን ዘግታ አለቀሰች። በሐዘን አይደለም። ያንን እንጀራ እስካሁን ታወራዋለች።

ሌላም ላክል። እዚህ የሪፎርም አይሁዶች እ.ኤ.አ. በ1961 ዋሽንግተን ላይ የከፈቱት ማዕከል አለ። የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግና የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ረቂቅ በከፊል እዚያ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው የተጻፈው። ማለት የፈለግኩት፣ ካርቶን ማደል እና ሕግ ማስለወጥ አንድ ጉባኤ ውስጥ ሁለቱም ይኖራሉ። ያሶ ያለው ስህተት አይደለም።

ያሶ_ቤርሼባ

ይኼው! እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 ፖሊስን ተቃውመን መንገድ ስንዘጋ ጸሎት ቤታችን የት ነበር? «ልጆች፣ ረጋ በሉ» ሲል ነበር።

ዳኒ_ነታንያ

ጸሎት ቤት ውስጥ የሁሉም ፓርቲ ሰው አለ። ፖለቲካ ካስገባህ ነገ ለሚንያን፣ ለጋራ ጸሎት የሚያስፈልገውን፣ 10 ሰው አታገኝም። ለካዲሽ፣ ሐዘንተኛ ለሟቹ ለሚለው ጸሎት፣ የሚቆም ታጣለህ። እኔ ልጆቻችን ሲመቱ ዝም በሉ አላልኩም። ሰልፍ ወጥቻለሁ፣ ጭስ በልቻለሁ። ግን እንደ ራሴ ነው የወጣሁት፣ እንደ ገባይ አይደለም።

ያሶ_ቤርሼባ

የእናቴ ደመወዝ ፖለቲካ ነው?

ዳኒ_ነታንያ

አይደለም። ለሱ ልክ ነህ። ለሱ መልስ የለኝም።

ሩት_አሽዶድ

ያሶ፣ ወረቀት ማታ ላይ የደመወዝ ወረቀትም እናነባለን። የጡረታ መዋጮ የተቆረጠባቸው ግን ያልገባላቸው ሁለት ሴቶች አግኝተን፣ በነጻ የሚሠራ ጠበቃ ወስዶላቸዋል። ከቤርሼባ እኛ ጋ ባቡር አለ። ሠራዊት ውስጥ ስታገለግል የወረቀት ሥራ ነበር የምትሠራው አይደል? ና።

ያሶ_ቤርሼባ

እናያለን።

የቄስ_ልጅ

ሚሪ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ኦሪት ዘሌዋውያን «የማሳህን ዳር አትጨርስ» ነው የሚለው። ገበሬው አጭዶ ለደሃ ስጥ አላለም። ትተህለት ሂድ ነው ያለው። ደሃው ራሱ ገብቶ ይወስዳል። ስለዚህ መደርደሪያ በኮሪደሩ አድርጉና ሰው እየመጣ ይውሰድ።

ዳኒ_ነታንያ

ሞክረነዋል። አንድ ሰው ጋሪ ይዞ መጥቶ በአንድ ሰዓት አጸዳው። ኋላ ስንሰማ ሱቅ አለው።

የቄስ_ልጅ

😀 በሌዋውያን ዘመን የሱቅ ጋሪ አልነበረም መሰለኝ።

አያ_ወገራ

ሚሪ ልጄ፣ አንቺ ራስሽ መልሱን መጀመሪያ ላይ ጽፈሽዋል። የመጡት ሁለቱ «ለጎረቤቴ» ነው ያሉሽ። ለምን ውሸት ነው ብለሽ ታስቢያለሽ? የኛ ሴት ለጎረቤቷ መሸከም አያሳፍራትም። አገር ቤት ወንፈል ሲኖር ማን ማንን ረዳ ተብሎ ይጠየቃል? ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የኔ። ስለዚህ ቄሱ «የቸገረው ይምጣ» አይበሉ። «ለጎረቤቱ የሚያደርስ ይምጣ» ይበሉ። ለሚያደርሰው ሁለት ስጪው። አንዱ ለጎረቤት፣ አንዱ ለድካሙ።

ሩት_አሽዶድ

አያ ወገራ፣ እርስዎን ሚኒስትር ማድረግ ነበር።

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ

🙏🏾

ሚሪ_ረሆቮት (ማክሰኞ ማታ)

ቄሳችንን አነጋገርኩ። ትንሽ አሰቡና «ለጎረቤት ማድረስ ሚጽቫ ነው፣ ውሸት የለበትም» አሉ። ነገ ማታ ነው። ለፎቶዋ ሴትዮ ደግሞ ደወልኩላት። ፈርቼ ነበር። ነገሩን ሳስረዳት ዝም አለችና «እኔም አያቴ ከሞሮኮ ስትመጣ እንዲህ ያለ ፎቶ አላት፣ እኛ ቤት አይሰቀልም» አለችኝ። የተደረደሩትን ካርቶኖች አንስቼ ላክሁላት።

ሚሪ_ረሆቮት (ከፋሲካ በኋላ)

ቃል ስለገባሁ ልንገራችሁ።

ረቡዕ ማታ 19 ሰው መጣ፤ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ሴቶች። እያንዳንዳቸው ሁለት ፌስታል፣ አንድ ለጎረቤት፣ አንድ ለድካም። ለመጨረሻዋ ሁለት አልደረሳትም፣ ከራሳችን ጨመርን። በዳኒ ምክር ካርቶኑን ገልብጠን በፌስታል አደረግነው። ስም አልጻፍንም። ነርሷ በር ላይ ቆማ ዝም ብላ ቆጠረች።

ከታች የሚኖሩት እናትም መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ሠርግ ቤት። «ለማን ነው የማደርሰው?» አሉኝ። 3ኛ ፎቅ ያሉትን ሽማግሌ ነገርኳቸው። ሁለቱን ፌስታል በአንድ እጅ ይዘው ወጡ። እኔ ልሸከም ብል «ሥራዬን ተይልኝ» አሉኝ።

የተበላሸም አለ። አንድ ፌስታል ለአንዲት ሴት ተሰጠ። እሳቸው ለጎረቤታቸው አደረሱ። ጎረቤትየዋ «እኔን አልቸገረኝም» ብለው ለሌላ አሳለፉ። ያቺኛዋ ለእህቷ። እህትየዋ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ለማን ብታመጣው ጥሩ ነው? ለመጀመሪያዋ ሴት! ዞሮ ዞሮ ከቤት። ፌስታሉ በአራት ቤት ሲዞር ስኳሩ ብቻ ነው የጎደለው፤ ማን እንደወሰደው አልታወቀም። ቄሳችን ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ሊወድቁ ነበር።

ሁለት ቤት ደግሞ ጨርሶ አልደረስንም። አንደኛው ከልጁ ጋር ተጣልቶ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ጎረቤት አያውቀውም፣ ጸሎት ቤትም አይመጣም። በር ላይ አስቀመጥንለት። በነጋታው እዚያው ነበር። ለሱ ገና አላወቅንበትም።

የሐሙሱን ወረቀት ማታ ጀምረናል፣ ሩት በስልክ እየመራችን። የመጀመሪያው ቀን 3 ሰው መጣ። ከታች ያሉት እናት ደብዳቤ ይዘው አይደለም የመጡት። ለሚያነቡት ልጆች ትኩስ ዳቦ ጋግረው ነው። ዳቦውን ቆርሰው ሲጨርሱ ከነጠላቸው ሥር አንድ ፖስታ አወጡ።

ያሶ፣ ሩት ነገረችኝ፣ መምጣትህን። በርታ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። ፌስታሎቹ ሲከፈቱ ሴቶቹ አንድ ነገር እያወጡ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ እያስቀመጡ ሄደዋል። እስከ ዛሬ ጠዋት 23 ጠርሙስ ገፊልተ ፊሽ ተሰብስቧል። የሚበላ ወይም የሚበላ ሰው የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስም አልጠይቅም።

ዳኒ_ነታንያ

አንድ ላኪልኝ። ለጎረቤቴ ነው።